ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፦ የጎንደር ምክር ቤት ተወዳዳሪዎችን በአካባቢ ጥበቃ ዕቅዳቸው እንዴት እናወዳድር?

የምርጫ ሰሞን ጎንደር ላይ አካባቢን የማይወድ ተወዳዳሪ አይገኝም። «ጽዱና አረንጓዴ ጎንደር» የማይል የቅስቀሳ ወረቀት እምብዛም ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ሲናገር መራጩ መለያ ስለሚያጣ ወደሚያውቀው ሰው፣ ወደ ሰፈሩ ልጅ ወይም ወደለመደው የምርጫ ምልክት ያዘነብላል። የውሃው፣ የቆሻሻውና የወንዙ ነገር እዚያው ወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ይህን የጻፍኩት ለከተማም ሆነ ለቀበሌ ምክር ቤት የሚወዳደሩትን ጎን ለጎን አቁሞ «የማንኛው ዕቅድ ያዋጣናል?» ብሎ መለየት ለሚፈልግ ሰው ነው። የማንንም ፓርቲ ስም አላነሣም። የራሴን እምነት ግን ከመጀመሪያው ልናገር፦ በጎንደር የአካባቢ ጥበቃ ከሁሉ በፊት የውሃ ጉዳይ ነው። ከአንገረብ ተፋሰስ አናት ጀምሮ እስከ ጣና ድረስ ውሃውን ተከትሎ የሚያስብ ተወዳዳሪ፣ መቶ ሺህ ችግኝ ከሚቆጥርልን ይበልጥብኛል። የሰላም፣ የኑሮ ውድነትና የሥራ ጉዳይ በብዙዎቻችን ልብ ቀድሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ውሃ ግን ከሦስቱም ጋር ተሳስሯል።

የአካባቢ ምርጫ በየጊዜው የሚገኝ ዕድል እንዳልሆነም አይተናል። በ2005 ዓ.ም ሚያዝያ ከተካሄደው በኋላ በ2010 ይጠበቅ የነበረው ተራዝሟል። አንዴ የሰጠነው ድምፅ ካሰብነው በላይ ረጅም ዘመን ሊገዛን ስለሚችል፣ ከመስጠታችን በፊት አንድ ሳምንት ብንደክምበት አይበዛበትም።

መጀመሪያ የሥልጣኑን ልክ ማወቅ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ የሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሲነደፉና ሲፈጸሙ ምክክር እንዲደረግለትና ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ሰጥቶታል። አንቀጽ 50 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ዘንድ ያዛል። ስለዚህ የምክር ቤት አባል ባዶ እጁን የሚቀመጥ ሰው አይደለም። የከተማ ምክር ቤት ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ ከንቲባውንና ጽሕፈት ቤቶቹን ጠርቶ ይጠይቃል፣ ይቆጣጠራል። የቀበሌ ምክር ቤት ደግሞ ዲች በየት በኩል እንደተደፈነ፣ ቆሻሻ የት እንደሚጣል፣ የትኛው ቦታ በሌሊት እንደሚታጠር የሚያውቅ ሰው የሚቀመጥበት ነው።

ማጥለያው እንግዲህ ይህ ነው። አንዳንድ ቃል ምክር ቤቱ ራሱ በበጀቱና በደንቡ ሊፈጽመው የሚችል ነው፦ ዲች ማስጠረግ፣ የቆሻሻ ማኅበራትን ክፍያ ማስተካከል፣ የውሃ ፈረቃን ይፋ ማድረግ። አንዳንዱ ከክልል ወይም ከፌዴራል ጋር መሟገትን ይጠይቃል። አንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ ከእጁ ውጭ ነው። «የመገጭን ግድብ አስጨርሳለሁ» የሚል የቀበሌ ተወዳዳሪ ከሦስተኛው ወገን ነው። ግንባታው ለዓመታት የተጓተተ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው፤ አንድ የምክር ቤት አባል ሊጠይቅ፣ ሊወተውት፣ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ይችል ይሆናል፣ ሊያስጨርስ ግን አይችልም። ይህን ለይቶ «የኔ ድርሻ እስከዚህ ነው» የሚላችሁን ሰው ነጥብ ጨምሩለት። የሚችለውን የሚያውቅ ሰው የሚሠራውንም ያውቃል ብዬ አስባለሁ።

ተወዳዳሪው ከዚህ በፊት በምክር ቤት የነበረ ከሆነ ሥራችሁ ይቀልላል፦ ዕቅዱን ትታችሁ ታሪኩን ተመልከቱ። በየትኛው በጀት ላይ እጁን አወጣ? ስለ ውሃ ወይም ስለ ቆሻሻ ያነሣው ጥያቄ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ይገኛል? መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተረጋገጠ ስለሆነ፣ የጸደቀ በጀት ለማየት መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ውሃ፦ አራቱ የተለመዱ ቃሎች

ጎንደር በሁለት ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ ይወርዳሉ፤ ሁለቱም ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና። ከተማዋ ለዓመታት ከአንገረብ ግድብ ስትጠጣ ኖራለች፤ የሰው ቁጥር ሲጨምር ጉድጓዶች ታከሉበት። ግድቡ ግን በደለል ተጎዳ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከላይ ያለው መሬት ተዳፋት ነው፣ ታርሷል፣ ዛፉ ሳስቷል፣ ከብቱም ልቅ ይግጣል። የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ገና ቡቃያ ያልሸፈነውን አፈር ጠርጎ ወደ ግድቡ ያወርደዋል። ከአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊ ሜትር አፈር ብቻ ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ነው። ይህን በመቶና በሺህ ሄክታር፣ በየክረምቱ አስቡት።

ተወዳዳሪዎች ስለ ውሃ የሚነግሩን ዞሮ ዞሮ ከአራት ነገሮች አንዱን ነው።

«ጉድጓድ እናስቆፍራለን» የሚለው ፈጣኑ ነው፤ በአንድና በሁለት ዓመት ውጤቱ ይታያል፣ ለዚህም በምርጫ ሰሞን ይወደዳል። ጉድለቱ ሌላ ነው። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ ከመሬት በታች ያለው ውሃም ወደ ውስጥ የሚሰርገው ዝናብ ካልተተካለት እየራቀ ይሄዳል። ስለ ጉድጓድ የሚናገር ተወዳዳሪ ስለ ጥገናው በጀት ካልተናገረ ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

«ደለሉን እናወጣለን» የሚለው ለዓይን ትልቅ ሥራ ነው። ማሽን፣ ነዳጅ፣ ደግሞም የወጣው ጭቃ የሚደፋበት ቦታ ይጠይቃል። ከላይ ያለው መሬት ሳይታከም ደለል ማውጣት በየዓመቱ ያንኑ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ይህን ብቻ ይዞ የመጣ ተወዳዳሪ ከኔ ዘንድ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል።

«የሚፈሰውን ቧንቧ እንጠግናለን» የሚለው ድምቀት የለውም፤ ሪባን አይቆረጥለትም። ይሁን እንጂ ከሁሉ ርካሹ ውሃ ቀድሞ ተጣርቶ፣ በፓምፕ ተገፍቶ በመንገድ ላይ የሚባክነው ውሃ ነው። የፈሰሰ ቧንቧ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚጠገን ጊዜ ቆርጦ የሚናገር፣ የፈረቃ ሰሌዳው በየቀበሌው ይለጠፍ የሚል ሰው ካገኛችሁ ያዙት። የፈረቃ ነገር የፍትሕም ነገር ነው። ሮቶ ያለው ቤት ውሃ በመጣችበት ሌሊት ሞልቶ ሳምንቱን ይሻገራል፤ ቢጫ ጀሪካን ብቻ ያላት እናት ግን ሰዓቱን ካላወቀች ሌሊቱን ቧንቧ ሥር ታድራለች፣ ያም ካልሆነ በጋሪ የመጣውን በውድ ትገዛለች። ሰሌዳ መለጠፍ ወጪው ወረቀትና ማስቲሽ ነው።

አራተኛው «ተፋሰሱን እናለማለን» ነው፤ እርከን፣ ከንክኪ ነፃ የሆነ ቦታ፣ ቦረቦርን መድፈን፣ ልቅ ግጦሽን ማስቀረት። ከሥሩ የሚነሣው መፍትሔ ይህ ነው፣ ከሁሉ ቀርፋፋውም ይህ ነው። ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ የመረጥነው ሰው በወንበሩ ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ «ከላይ ላለው ገበሬ ምን ትሰጠዋለህ?» እርከን ከማሳው ይቀንስበታል። ልቅ ግጦሽ ሲቀር ለከብቱ መኖ ማጨድና መሸከም አለበት። ከተማው ውሃውን ሲጠጣ ገበሬው ጉዳቱን ብቻውን እንዲሸከም የሚጠብቅ ዕቅድ ሁለት ዓመት አይዘልቅም። የመኖ ሣር ዘር፣ የፍራፍሬ ችግኝ፣ በውሃ ሒሳብ ላይ ጥቂት ተጨምሮ ለተፋሰሱ ሥራ የሚውል ገንዘብ፣ ከአጎራባች ወረዳ ጋር የሚፈረም ስምምነት፤ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አስቦበት የመጣ ተወዳዳሪ ጉዳዩ ገብቶታል። ተፋሰሱ የከተማውን ወሰን አይጠብቅምና «ያ የወረዳው ሥራ ነው» የሚል መልስ አይበቃም።

ከአራቱ የቱን እንምረጥ? አንዱን ብቻ የያዘውን ሳይሆን ቧንቧውን ለዘንድሮ፣ ተፋሰሱን ለልጆቻችን አድርጎ ሁለቱን ያጣመረውን። ጉድጓዱ በመካከል ቢገባ ጥሩ ነው። ደለል ማውጣት ከተፋሰሱ ሥራ በኋላ ይምጣ።

የጣራ ውሃን የሚያነሣ ተወዳዳሪም ይኖራል፤ አትናቁት። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ በዓመት 40 ሺህ ሊትር ገደማ ሊሰበስብ ይችላል፤ 2,000 ጀሪካን ማለት ነው። ችግሩ አብዛኛው በክረምቱ ወራት አንድ ላይ መውረዱና ማጠራቀሚያው ውድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለየቤቱ ሳይሆን ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ያቀደው ሰው ሒሳቡን ሠርቷል።

ቆሻሻ፦ መኪና፣ ማኅበር፣ ፌስታል ወይስ ማቃጠያ?

ከውሃ ቀጥሎ ክብደት የምሰጠው ለቆሻሻ ነው፤ ሁለቱ በዲች ውስጥ ይገናኛሉና። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ቤት የሚገባው ዝናቡ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ዲቹ በፌስታልና በሃይላንድ ስለተደፈነም ነው። እዚህ ላይ ከተወዳዳሪ የምንፈልገው አንድ ነገር የወር ስም ነው። ዲች በግንቦት ይጠረጋል። «በየጊዜው እናጸዳለን» የሚለውን «መቼ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሐምሌ ላይ የሚጀመር ጠረጋ ጎርፉን አይቀድመውም። የተጠረገው ጭቃ እዚያው ዲቹ ዳር ተከምሮ እንዳይቀር የሚያነሣው መኪና ማን እንደሚመድብም ይናገር።

«ተጨማሪ መኪና እንገዛለን» የተለመደ ቃል ነው። መኪና ያስፈልጋል፤ ግን መኪና የሚደርሰው ዋና መንገድ ላይ ነው። በገደላማው ሰፈር፣ በጠባቡ ቅያስ ውስጥ ቆሻሻ ከየቤቱ የሚሰበስቡት በማኅበር የተደራጁ፣ ብዙዎቹ ሴቶች የሆኑ ወጣቶች ናቸው። ጋሪ ይገፋሉ፣ ማዳበሪያ ይሸከማሉ። ክፍያቸው ከዘገየ ሥራው ይቆማል፣ ሥራው ከቆመ ቆሻሻው ወደ ወንዙ ይሄዳል። ስለዚህ ከ«መኪና» ተወዳዳሪና «የማኅበራቱን ክፍያ በወሩ እናደርሳለን፣ ጓንትና ቦት ጫማ እናሟላለን» ከሚለው ተወዳዳሪ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። ሁለቱንም ካለ እሰየው።

«ፌስታል እንከለክላለን» የሚል ካጋጠማችሁ፣ ሕጉ እንደቀደመው ንገሩት። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታሎች እንዳይመረቱና ከውጭ እንዳይገቡ አግዶ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም የጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል በጠቅላላ ከለከለ። የቀረው ማስፈጸሙ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቲማቲም በመደብ የምትሸጠው እናት በምን ትጠቅልል? ዘንቢልና የጨርቅ ቦርሳ የሚሠሩ ሰዎች ከየት ብድር ያገኛሉ? ቅጣቱ ከአከፋፋዩ ይጀምራል ወይስ ከእሷ? ከድሀዋ ሻጭ የሚጀምር ተወዳዳሪ ዕቅዱን ደግሞ ያስብበት።

አብዛኛው የቤታችን ቆሻሻ የሚበሰብስ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላ። አንድ ሺህ ቤት በቀን ግማሽ ግማሽ ኪሎ ለይቶ ቢያስቀምጥ በወር 15 ቶን ነው። ይህን ወደ ኮምፖስት ቀይሮ ለከተማ ግብርና ወይም ከላይ ለጠቀስኩት ገበሬ የሚያደርስ ዕቅድ አነስተኛ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለተፋሰሱም መልሶ ይጠቅማል። በአንጻሩ «ከቆሻሻ መብራት እናመነጫለን» የሚለው ቃል ሲሰማ ያምራል። አዲስ አበባ ላይ በ2010 ዓ.ም ነሐሴ የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። እርጥብ የወጥ ቤት ቆሻሻ ደግሞ በደንብ አይነድም። ይህ ለጎንደር ምክር ቤት በጀት የሚሆን ሐሳብ አይደለም፤ ነጥብ አልሰጠውም።

የቆሻሻ መጣያ ቦታውን ጉዳይ የሚሸሽ ተወዳዳሪ ብዙ ነው፤ ማንም ሰፈሩ አጠገብ እንዲሆን አይፈልግምና። ግን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው እንደቀጠፈ አንዘንጋ። መጣያው ታጥሯል? የሚንጠባጠበው ፍሳሽ ወዴት ይወርዳል? እዚያ ለቅመው የሚኖሩ ሰዎችስ ምን ይሆናሉ? ይህን ያለማንም ጉትጎታ ያነሣ ሰው ድፍረት አለው።

ወንዞቹ

ቀሃ ለጎንደር ሰው ወንዝ ብቻ አይደለም። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው በቀሃ ውሃ ነው። ስለዚህ «የወንዝ ዳር ልማት» የሚለው ቃል ብዙ ልብ ያሸፍታል። ሁለት ነገሮችን ግን ለይተን እንይ፦ ወንዙን ማስዋብና ወንዙን ማጽዳት። ማስዋብ አጥር፣ መቀመጫ፣ መብራት፣ ሣር ነው። ማጽዳት ግን ከሽንት ቤት፣ ከሆቴል፣ ከመኪና እጥበት፣ ከጋራዥ የሚለቀቀውን ፍሳሽ ከምንጩ ማስቆም ነው። የመጀመሪያው ፎቶ ይነሣበታል፣ ሁለተኛው ጠላት ያፈራል። ለሁለተኛው የተዘጋጀ ተወዳዳሪ ከእነዚህ አንዱን ይዞ ይመጣል፦ የፍሳሽ መምጠጫ መኪናው የጫነውን የት እንደሚደፋ ክትትል፣ ድሀው ቤተሰብ ሽንት ቤቱን የሚያስመጥጥበት የቅናሽ ክፍያ፣ ወደ ወንዝ የተዘረጉ ቱቦዎችን ቆጥሮ ለሕዝብ ማሳወቅ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያደረሰ ሰው ተጠያቂ ነው፤ አካባቢን ሊጎዳ የሚችል አዲስ ድርጅት ሲከፈት ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ተደንግጓል። ተወዳዳሪው እነዚህን ሁለት አዋጆች ስማቸውን እንኳ ካላወቀ ምን ይዞ ይከራከራል?

ከእኛ በታች ደግሞ ሰው አለ። የጎንደር ፍሳሽ በመገጭ በኩል ደምቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። እምቦጭ በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በ2004 ዓ.ም ገደማ ከታየ ወዲህ ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው በእጁ ሲነቅል ኖሯል፤ አረሙን ከሚያፋፉት ነገሮች መካከል ከከተማና ከማሳ የሚወርደው ፍሳሽና ማዳበሪያ ይገኙበታል። ከከተማው ወሰን በታች ስላሉት ወገኖች ግድ የሚሰጠው ተወዳዳሪ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ካገኛችሁት አክብሩት።

ዛፍ

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ችግኝ በ2 ሜትር ርቀት ቢተከል በአንድ ሄክታር 2,500 ይይዛል። ስለዚህ 100,000 ችግኝ 40 ሄክታር መሬት ይፈልጋል። «የት?» ብላችሁ ጠይቁ። በሐምሌ መትከል አያቅትም፤ አረንጓዴ አሻራ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ሁላችንንም አስለምዶናል። ጥያቄው በመጋቢትና በሚያዝያ ማን ያጠጣል፣ ፍየሉን ማን ይጠብቃል፣ ከተተከለው ስንቱ በሁለተኛው ዓመት ቆሞ ተገኘ የሚለው ነው። የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ቆጥሬ አሳውቃለሁ የሚል ሰው አንድ ሺህ ብቻ ቢል እመርጠዋለሁ።

ከአዲስ ችግኝ ይልቅ የቆመውን ዛፍ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የጃን ተከል ዋርካን የሚያህል ጥላ በአንድ የምርጫ ዘመን አይበቅልም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ደኖች፣ ወይራውና ጥዱ፣ ለወደፊቱ ችግኝ ዘር የሚለቀምባቸው ናቸው። መንገድ ሲሰፋ አሮጌ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ሕዝብ ይጠየቅ የሚል ደንብ ለማውጣት ቃል የሚገባ አለ? ባሕር ዛፍን በተመለከተ «ይጥፋ» ከሚለውም «ምንም አይደል» ከሚለውም ይልቅ «ከምንጭና ከወንዝ ዳር ይራቅ፣ በሌላው ቦታ የገበሬው ጥሪት ይሁን» የሚለው ለኔ ልከኛ ነው።

ስለ ካባና ገረገንቲ ማውጫ፣ ስለ ባጃጅ ጭስ፣ ስለ ድምፅ ብክለት የሚያነሡም ይኖራሉ። ሰፈራችሁ ካባ አጠገብ ከሆነ ይህ ለእናንተ ከዛፍ ይበልጣል፤ ያለዚያ በአጭሩ እለፉት።

የኮሪደር ልማትን ግን ማለፍ አይቻልም። የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና አረንጓዴ ቦታ መልካም ነው። ነገር ግን በአረንጓዴ ስም ቤቱ የሚነሣበት ሰው አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ሰው ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ አማራጭ ያገኛል ይላል። ተወዳዳሪው ስለ አበባው ሲናገር ስለሚነሡት ሰዎችም ከተናገረ ሚዛኑ ልክ ነው።

ነጥብ አሰጣጥ፣ በምሳሌ

እኔ ከ10 ነጥብ ለውሃ 4፣ ለቆሻሻ 3፣ ለወንዝ 2፣ ለዛፍ 1 እሰጣለሁ። እናንተ ቤታችሁ ዲች ዳር ከሆነና ክረምት በመጣ ቁጥር ዕቃ ወደ ቆጥ የምታወጡ ከሆነ ለቆሻሻና ለዲች 4፣ ለውሃ 3 ስጡ። ዋናው ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘን ነው።

ሦስት ተወዳዳሪዎች አሉ እንበል። «ሀ» 100,000 ችግኝ፣ በቀሃ ዳር መናፈሻና የመገጭን ግድብ መጨረስ ቃል ገብቷል፤ ሁለት የቆሻሻ መኪናም አክሏል። ውሃ 0፣ ቆሻሻ 1፣ ወንዝ 1፣ ዛፍ 1፤ ድምሩ 3 ነው። «ለ» ስለ ዛፍ ምንም አላለችም፤ የፈረቃ ሰሌዳ፣ የቧንቧ ጥገና ጊዜና ከላይ ካሉት ገበሬዎች ጋር ስምምነት አላት፤ ስለ ቆሻሻ ግንቦት ላይ ዲች ማስጠረግን፣ ስለ ወንዝ የፍሳሽ መኪናዎችን መከታተልን አንሥታለች። ውሃ 3፣ ቆሻሻ 1፣ ወንዝ 1፤ ድምሩ 5። «ሐ» የማኅበራቱን ክፍያ፣ ኮምፖስቱንና የመጣያውን አጥር በዝርዝር አቅዷል፤ ውሃን በጉድጓድ ብቻ አልፎታል፤ በወንዝ ረገድ የመኪና እጥበቶችን ጉዳይ አንሥቷል። ውሃ 1፣ ቆሻሻ 3፣ ወንዝ 1፤ ድምሩ 5።

«ለ» እና «ሐ» እኩል ናቸው። ከአንድ በላይ ተወካይ የሚመረጥበት ወረቀት ከሆነ ሁለቱንም ምረጡ፤ ከተለያየ ፓርቲ ቢሆኑም፣ አንዱ የግል ተወዳዳሪ ቢሆንም። አንድ ብቻ የሚመረጥ ከሆነ መለያው ይህ ይሁን፦ ዕቅዱ ማንን እንደሚጎዳና ለተጎጂው ምን እንደሚደረግ የተናገረው የቱ ነው? እያንዳንዱ የአካባቢ ጥበቃ ሥራ አንድ ሰው ላይ ወጪ ይጥላል፤ ገበሬው ላይ፣ ሆቴል ቤቱ ላይ፣ ፌስታል ሻጩ ላይ፣ ወይም ግብር ከፋዩ ላይ። ይህን ሸፍኖ «ሁሉም ይደሰታል» የሚል ሰው አንድም አላሰበበትም፣ አንድም እየደበቀን ነው።

የት እና እንዴት እንጠይቅ?

ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የቅስቀሳ ቦታ አይደሉም። ዕድሩ ግን ሁሉም ሰፈርተኛ የሚገናኝበት ነው፤ ዳኛው ፈቅደው ተወዳዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ቢጋብዙ ማንም አይከፋም። የሬዲዮ ክርክር ሲኖር ደውላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው አጭር ይሁን፣ የሰፈሩን ነገር ይያዝ። አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ፣ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣበትን ቀን እንዳውቅ ምን ታደርግልኛለህ?» ቢሉት «ውሃ ሕይወት ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም። እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለሁሉም፣ በተመሳሳይ ቃል አቅርቡ፦

– በመጀመሪያው ዓመት በጀት ላይ የምታስገቡት አንድ የአካባቢ ጥበቃ ሥራ የትኛው ነው? ለእሱ ገንዘብ ከምን ላይ ትቀንሳላችሁ?
– ሥራው በየትኛው ወር ይጀመራል? የሚሠራውስ ማን ነው?
– ማን ይጎዳበታል? ለእሱስ ምን ታስባላችሁ?
– በዓመቱ መጨረሻ እንዳልተሠራ በምን እናውቃለን?

የሁለተኛውንና የሦስተኛውን መልስ በደንብ አድምጡ። «በጀት ከተገኘ»፣ «ከሚመለከተው አካል ጋር በመነጋገር»፣ «በቅንጅት» የሚሉ ቃላት ሲበዙ ዕቅዱ ሳስቷል ማለት ነው። በአንጻሩ «ይህን አላውቀውም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ» ብሎ በእርግጥም የተመለሰ ሰው ካለ እሱ ከአንደበተ ርቱዕ ይሻላል። የፓርቲውን ማኒፌስቶ አንብቡ፤ ስለ ጎንደር በስም የተጻፈ ነገር ካጣችሁበት ተወዳዳሪው ራሱ የሰጠው መልስ ይመዝን።

መልሶቹን በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ፣ ተወዳዳሪዎቹን በግራ፣ አራቱን ጉዳዮች ከላይ አድርጋችሁ ጻፉ። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት የጥሞና ቀናት ቅስቀሳ ስለሚቆም፣ ያን ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ ነጥቡን ደምሩ። ውሃ የሚቀዳው፣ ቆሻሻ የሚያወጣው የቤቱ ሰው ምን እንደሚል ቀድማችሁ ስሙ።

ወረቀቱን አትጣሉት። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምክር ቤቱ በጀቱን ሲያጸድቅ ቃል የተገባው ሥራ ገንዘብ ተመድቦለት እንደሆነ አስጠይቁ። ካልተመደበለት የመረጣችሁትን ሰው ወደ ዕድሩ ጥሩትና ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘርግታችሁ የራሱን መልስ አንብቡለት።